የሚመጣው ሰው

ጋሽ ኪሩቤል ጠዋት ዳቦ ቤት ሄዶ ሦስት ዳቦ ቢጠይቅ ሁለት ሸጡለት። ሦስተኛው መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ ገና እንፋሎቱ አልበረደም።

«ያስ?» አለ በጣቱ እያሳየ።

«እሱ ለሚመጣው ሰው ነው» አለችው ሻጯ። ቀና ብላም አላየችው።

ኪሩቤል አልተከራከረም። በ2091 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በዳቦ የሚከራከር ትናንት ከገጠር የገባ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱን ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ሥራው አዘገመ።

የሚመጣውን ሰው በዓይኔ አየሁት የሚል እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ግን ያልተያዘለት ነገር የለም። የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር የሱ ነው። የጤና ጣቢያው የመጨረሻ አልጋ የሱ ነው። አሳንሰሩ ስምንት ሰው ይይዛል ተብሎ ተጽፎበት ስድስት ሰው እንደጫነ በሩን ድርግም ያደርጋል፤ ሁለቱ ቦታ የሱ ነዋ! ነገሩ ቀላል ነው። ማልዶ የሚመጣ ሰው ጊዜ አለው፤ ጊዜ ያለው ደግሞ ይከራከራል። ዘግይቶ የሚመጣው ቸኩሏል፤ የቸኮለ አይከራከርም፣ ይከፍላል። ስለዚህ ለማለደው ትንሽ በርካሽ ይሸጥለትና ቀሪው ለዘገየው ይቆያል። ምን ያህሉ ተሸጦ ምን ያህሉ እንደሚቆይ የሚወስነው መዳቢው የሚሉት ማሽን ነው። መዳቢው የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ «የሚመጣውን ሰው ያድርግህ!» ይላሉ፤ ልጆቹም «አሜን» ብለው ትምህርት ቤት አርፍደው ይሄዳሉ።

የኪሩቤል ሥራ በር ላይ መቆም ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የእድሩ የለቅሶ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ለለቅሶ ደራሹ ዋጋ ይናገራል። መዳቢው ራሱ መናገር አያቅተውም። እድሩ ግን «ሰው በሞተ ቀን ማሽን ዋጋ ሲጠራ ደስ አይልም» ብሎ ሰው ቀጠረ። ለእድሩ ወግ ተብሎ የተረፈው ይኸው እሱ ነው።

ድንኳን መጣል ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሜዳው በሰዓት ይሸጣላ! ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን የሚያስጥል ገንዘብ ያለው ሰው እስካሁን ሞቶ አያውቅም። ለቅሶ አሁን በሕንፃው አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ስልሳ ወንበር ባለው አዳራሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ አዳራሹ ለልደት ይፈለጋል።

የዛሬው ለቅሶ ግን የናሆም ነበር። ናሆም ለኪሩቤል የአርባ ዓመት ጎረቤቱ፣ የካርታ ተጋጣሚው፣ ምስጢረኛው ነው። ደግሞም ስለዚህ አዳራሽ ስድስት ወር ሙሉ ያኮረፈው ሰው ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እድሩ መዳቢውን ወደ አዳራሹ ለማስገባት ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ሻጩ ወጣት አዲሱን ወንበር መድረክ ላይ አቁሞ አስተዋወቀ። ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት ያውቃል፤ ሲነሳም ያውቃል። ተቀማጩ ብድግ እንዳለ «ቲንግ» ይልና ለሚቀጥለው ይሸጣል። ይሄኔ ናሆም እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ሰው ከወንበሩ ከተነሳ ሄዷል ያላችሁ ማን ነው? እኛ ዘንድ እኮ ሰው የሚነሳው ሌላ ሰው ሲመጣ ነው።»

ጉባኤው ሳቀ። ወጣቱም ሳቀና «መዳቢው ባዶ ወንበር አይወድም ጋሼ» ብሎ አለፈው። ድምፅ ሲሰጥ ኪሩቤል አንድ እጅ ማውጣት ሲበቃው ሁለቱንም አወጣ። ዘመናዊ ነገር ይወዳል፣ ምን ይደረግ!

በመጀመሪያው ለቅሶ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ። ሽማግሌው «በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ አዳራሹ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ አለ። ተመልሶ ሊቀመጥ ያለ ሁሉ ወንበሩ ተሽጦ ጠበቀው። በሁለተኛው ለቅሶ የተነሱት አራት ሰዎች ናቸው። በሦስተኛው ማንም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው ሲገባ ሰዉ መቀመጫውን ወንበሩ ላይ እንደተከለ አገጩን ብቻ ወደ ላይ ብድግ ያደርጋል። ዛሬ ልጆቹ ሌላ ዓይነት አነሳስ እንደነበረ እንኳ አያውቁም።

ናሆም የሞተው ማክሰኞ ነው። እሁድ ዕለት ኪሩቤል እሱንና ሚስቱን ሜላትን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ናሆም አልጋው ላይ እንደተጋደመ እጁን ያዘው።

«ኪሩ፣ በኔ ቀን በሩ ላይ የምትቆመው አንተ ነህ አይደል?»

«ተው እንጂ! ገና ድነህ ካርታ ትበላኛለህ።»

«ባክህ አታባብለኝ። ሰፈሩን አስገባልኝ። ሜላት ባዶ ወንበር ስታይ እንዳትውል። ሌላ ምንም አልልህም።»

«ይገባሉ» አለ ኪሩቤል።

አፉ ነው ያለው። ማስገባት በእጁ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም ቃሉን ሰጥቷል፤ ከእሁድ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎት ሰነበተ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ነበር። ለቅሶ ደራሽ ይማልዳል፤ ይህን መዳቢውም ሊያስቀረው አልቻለም። ሦስት ሰዓት ላይ በአራት መቶ ብር ተከፈተ። ሜላትን ጨምሮ ሃያ አራት ሰው እጁን በሩ ላይ እየለጠፈ፣ እየከፈለ ገባ። ሃያ አምስተኛዋ ቤዛዊት ነበረች፤ የሜላት የግድግዳ ጎረቤት፣ ንፍሮ የሞላ ድስት ታቅፋ። እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ኪሩቤል ጆሮ ውስጥ ያለው የመዳቢው ድምፅ ሌላ ቁጥር ነገረው።

«ሰባት ሺህ ነው ቤዚ።»

«ምን አልክ?»

«ሰባት ሺህ።»

«ከፊቴ የገባችው አራት መቶ አይደል እንዴ የከፈለችው?»

«ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አድርጌ?»

«ምንም አላደረግሽም። ቀሪው ሠላሳ ስድስት ወንበር ተይዟል።»

«ለማን?»

ራሷ መለሰችለት።

«ለሚመጣው ሰው! አፈር ይብላውና! አሥራ ስድስት ዓመት ከሜላት ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ስታለቅስ እየሰማኋት አብሬያት ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት። እኔ አልመጣሁም ማለት ነው?»

በመዝገቡ፣ አዎ፣ አልመጣችም። ወንበር ያልያዘ ለቅሶ አልደረሰም። በሩም ወንበር ለሌለው አይከፈትም፤ ኪሩቤል ቢገፋው፣ ቢለምነው፣ ቢረግመውም አይከፈትም። ሁሉንም በየጊዜው ሞክሮታል።

አራት ሰዓት ላይ ዋጋው አሥራ ሁለት ሺህ ደረሰ። አምስት ሰዓት ላይ አሥራ ስምንት ሺህ። ደረጃው ከአሥራ አራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ድረስ በነጠላና በጋቢ ሞላ፤ በየመስኮቱ የሚገባው የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያም ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰ የለም። የቤዛዊት ንፍሮ ቀዘቀዘና ከእጅ ወደ እጅ እየተባለ ወደ ታች ወረደ፤ ድስቱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባዶውን ደረሰ አሉ።

ኪሩቤል በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያል። ሜላት ከፊት ለፊት፣ ጥቁር ሻሿን ዓይኗ ድረስ አውርዳ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ሃያ ሦስቱ ተበታትነው፣ በመካከላቸው ሠላሳ ስድስት ባዶ ወንበር። ዋጋው ተቀይሮ በሩ ጢር ባለ ቁጥር ዞር ትላለች፤ ሰው የገባ እየመሰላት። ከዚያ ወንበሮቹን ታያለች፣ ታያለች፣ ትዞራለች። ኪሩቤልን «ይገባሉ» ያለበት አፉ መረረው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ሰዎች በአሳንሰሩ መጡ፤ ናሆም የሠራበት ፋብሪካ ኃላፊዎች ናቸው። ዋጋው ሠላሳ ሺህ ደርሷል። ዓይናቸውን ሳያሹ ከፈሉና ገብተው ተቀመጡ፤ ወዲያው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። መዳቢውን ከዚህ በኋላ ማን ይቻለው! ይኸው መጡለታ! ቀሪውን ሠላሳ አራት ወንበር ጥርሱን ነክሶ ያዘ።

ከታች ደግሞ ሌላ ግርግር ተነሳ። የናሆም አክስት፣ የዘጠና አራት ዓመቷ እማማ ሶሊያና፣ ከሞላሌ ደርሰው ኖሯል። ሶሊያና በጊዜው ዘመናዊ ስም ነበር፤ አሁን ስሙን የሰማ ሁሉ ሽበት ይታየዋል። አሳንሰሩ ለሚመጣው ሰው ቦታ ስለያዘ እሳቸውን አልጭን አለ። የደረጃው ሰው ምን ያድርግ? እንደ ድስቱ ተቀባበላቸው፤ አንዱ ክንዳቸውን ሲለቅ ሌላው እየያዘ፣ ፎቅ በፎቅ አሥራ አራተኛው ላይ አወጣቸው።

«ናሆሜን! ናሆሜን!» እያሉ በሩ ጋ ደረሱ። «ክፈትልኝ ልጄ።»

«እማማ፣ ዋጋው...» አለ ኪሩቤል።

«የምን ዋጋ? ላለቅስ እኮ ነው የመጣሁት።»

ሠላሳ አንድ ሺህ ነበር፤ የኪሩቤል የሁለት ወር ደመወዝ። ሰፈሩን ማስገባት አይችልም፤ አንድ ሰው ግን ማስገባት ይችላል። የራሱን እጅ በሩ ላይ ለጠፈ። በሩ ተከፈተ።

እማማ ሶሊያና ሦስት እርምጃ ገቡና ቆሙ። ሃያ ስድስት አገጭ ብድግ ብሎ ተመልሶ ወረደ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ጠበቁ። በዕድሜያቸው ሰው ሳይነሳላቸው ወደ ውስጥ ዘልቀው አያውቁም። ዓይናቸውም ደክሟል፣ አገጭ አይታያቸውም።

«ምነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ሰው የለም እንዴ?»

ያቺ ቃል አዳራሹን ገደለችው። ኪሩቤል በር ላይ ሆኖ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ቀድማ የተንቀሳቀሰችው ሜላት ነች። ሻሿን ከዓይኗ ላይ ገፋ አደረገችና ብድግ አለች፤ ሙሉ ቁመቷን።

«ኖር እማማ! ኖር!»

ቲንግ አለ ወንበሯ። ለሽያጭ ወጣ። ዞር ብላም አላየችው።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። ከዚያ ሁለት ሴቶች። ከዚያ ሃያ አራቱም ብድግ አሉ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ «ኖር!» የሚለው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሁለቱ የፋብሪካ ኃላፊዎች ግራና ቀኝ ተያዩ፣ ሠላሳ ሺሁን አሰቡ፣ ከዚያ ይሉኝታ ያዛቸውና እነሱም ተነሱ። ቲንግ፣ ቲንግ።

«በእግዜር፣ በእግዜር ልጆቼ» አሉ እማማ ሶሊያና፣ አሁን እየዘለቁ። «ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ።»

መቀመጫ ግን አልነበረም። መዳቢው ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከእማማ ሶሊያና ወንበር በቀር ሃምሳ ዘጠኝ ባዶ ወንበር ታቀፈ። ሠላሳ ሦስቱን ለሚመጣው ሰው ይይዝ ይሆናል፤ ሃያ ስድስቱን ግን ምን ያድርጋቸው? ኪሩቤል ጆሮ ውስጥ ያለው ድምፅ ሲንተባተብ ሰማው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሃያ ሺህ አለ። ሦስት ሺህ አለ። አራት መቶ!

«አራት መቶ!» ብሎ ጮኸ ኪሩቤል በደረጃው። «ቤዚ! አራት መቶ ነው! ግቡ!»

ቤዛዊት ከታች የተመለሰላትን ባዶ ድስቷን ይዛ ዘልላ ገባች፣ ሜላት አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዋ የገቡት ገና ሊቀመጡ ሲሉ ከነሱ የሚበልጥ ሽማግሌ ብቅ አለ፤ ብድግ አሉለት፣ ቲንግ። ሽማግሌው አረፍ ከማለቱ ከሱ የሚበልጥ መጣ። አንዴ መነሳት ከተጀመረ ማን ያቆመዋል? «አንተ ተቀመጥ!» «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ!» «ሞቼ እገኛለሁ ካልተቀመጡ!» ወንበሩ በተነሱበት ቁጥር ይሸጣል፣ የተሸጠለት ይገባል፣ ለገባው ይነሳሉ። በሩ ማስገባት እንጂ ማስወጣት አያውቅም። አሥራ አራት ፎቅ ደረጃ ሙሉ ሰው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ግድግዳው ድረስ ታጭቆ፣ ቆሞ። ስልሳው ወንበር መካከል ላይ እንዳለ ባዶውን ቀረ።

ሜላት ከሰው ብዛት አትታይም ነበር። ኪሩቤል ለቅሶዋን ብቻ ሰማ፤ ብቻዋን የምታለቅስ ሰው ለቅሶ አልነበረም። እሱም በሩን ተደግፎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። «ይኸው ገቡልህ ወንድሜ» አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልደተኞቹ ፊኛ ይዘው መጡ።

ሰኞ ጠዋት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ባሮክ ኪሩቤልን ቢሮ አስጠራው። ባሮክ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ናሆም እጁን ካወጣበት ጉባኤ ጀምሮ አዳራሹን ያስተዳድራል። ኪሩቤል ሊባረር መስሎት የሥራ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ይዞ ገባ።

«ጋሼ!» አለ ባሮክ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ አገጩን ከፍ አድርጎ። «ምን እንዳደረጋችሁ ያውቃሉ? ስልሳ ወንበር ሁለት መቶ ሠላሳ ጊዜ ተሽጧል! አንድ ሰው እንኳ ሳይቀመጥ! እድሩ ከተመሠረተ እንዲህ ያለ ገቢ አላየንም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው» አለ ኪሩቤል።

«መዳቢው ነገሩን አጥንቶታል። ችግሩ ሰው መነሳቱ አልነበረም፤ ሰዓቱን ጠብቆ አለመነሳቱ ነው። አሁን አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገናል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የሚገባ፤ ከዚያ በየሰባት ደቂቃው ተመልሶ የሚገባ። እማማ ሶሊያናን ጠይቀናቸው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«‹ለቅሶ ካለ እመጣለሁ፤ ከሌለ ምን ልሠራ?› አሉን። ነገሩ አልገባቸውም።» ባሮክ ኪሩቤልን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እርስዎ ሽበቱም አለዎት፣ ቁመናውም አለዎት። በር ላይ መቆሙ ከዚህ በኋላ ይቀራል፤ በሩ ራሱ ዋጋ መናገር ለምዷል። ይህኛው ግን ደመወዙ እጥፍ ነው። በደንቡ ላይ የሥራ መደቡን ስም ‹የሚመጣው ሰው› ብለነዋል።»

ኪሩቤል እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። የሁለት ወር ደመወዙ የለም፣ የቤት ኪራዩ ደርሷል፤ ዘመናዊ ነገር ደግሞ ከድሮም ይወዳል። አፉን ዘጋው። እድሩ አንድ ነጭ ጋቢና አንድ ከዘራ በፊርማ አስረከበው።

የመጀመሪያ ቀን ሥራው ላይ የሞተውን ሰው አላወቀውም፤ ስሙንም አልነገሩትም። እጁ ላይ ያሰሩለት ነገር ሲርገበገብ በሩ በነጻ ተከፈተለት። ከዘራውን መሬት ላይ እየቆረቆረ ሦስት እርምጃ ገባና፣ እንደተነገረው፣ ቆመ።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። «ኖር!» ድምፁ ያማረ ነበር፤ ከቲኬቱ ጋር ግዴታ ተደርጓል። ወንበሮቹ ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ አሉ፤ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሲሻማ ተሰማ። ኪሩቤል «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ ዘለቀ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ደስ አለው።

ከዚያ አንድ የተቀመጠ ሰው አየ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች፣ ሜላት ቁጭ ብላ ታየዋለች። አገጯን እንኳ አላነሳችም። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ቆመዋል፤ አንዷ «ተነሺ እንጂ፣ ያስቀጡሻል» እያለች ትከሻዋን ትነካለች።

ኪሩቤል አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ አለ። ከናሆም ቀብር ወዲህ አልተያዩም።

«ሜላት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አትነሺም?»

«ለማን?» አለችው።

እጁ ላይ ያለው ነገር ተርገበገበ፤ ሰባት ደቂቃው ደርሷል። ጋቢውን ሰብስቦ በኋላ በር ወጣ፣ እንደገና ሊመጣ።